መልስ፦ ቡናን ወደ ደጋ ማውጣት ያዋጣል ወይ?

እዚህ ጅማ በተሰጠው የአየር ንብረት ለውጥ ሕዝባዊ ገለጻ ላይ «ቡና ወደ ደጋ ይሸሻል» መባሉን ሰምተው፣ ታዲያ ከፍ አድርገን ብንተክለው ምን ችግር አለው ብለው ለጠየቁት፦

ስሌቱ ትክክል ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ቡናው የለመደውን አየር ለማግኘት 170 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። ደጋው ግን ባዶ አይደለም፤ ገብሱ፣ እንሰቱ፣ የግጦሽ መሬቱና የተረፈው ደን እዚያው ነው፤ ደን መንጥሮ ቡና መትከል ደግሞ ዛፉ ያመቀውን ካርቦን መልሶ ወደ አየር መልቀቅ ነው።

እኔን ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የዝናቡ መዛባት ነው። ቡና ከደረቁ ወራት በኋላ በሚጥለው ዝናብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያብባል፤ ከዚያ ዝናቡ ተቋርጦ ፀሐይ ከበረታ አበባው ይጠወልጋል፣ ገና የያዘው ጥቃቅን ፍሬም ይረግፋል። ስለዚህ ለቡናው ጥላ ሆነው እርጥበት የሚያቆዩለትን ዛፎች፣ ዋንዛውን፣ ሰሳውንና ብርብራውን፣ ከማሳዎ አይቁረጡ (በባሕር ዛፍ የሚተኩ ጎረቤቶች ስላሉን ነው ይህን ማለቴ)፤ ችግኝ ሲያስቡም ለማሳዎ ከፍታ የሚስማማውን ዝርያ መልኮ ከሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ይጠይቁ።