የማኅበር ጽዋ ጠጥቶ መኪና መንዳት ይቻላል?

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ መምህር? እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር አባል ነኝ። በየወሩ በ12 በተራ በየቤታችን እንሰበሰባለን። ጠላና ጠጅ ይቀርባል። እኔም ሁለት ሦስት ብርሌ እጠጣለሁ እንጂ ሰክሬ አላውቅም። ከዚያ ሁለት እናቶችን በመኪናዬ በየቤታቸው አድርሼ እገባለሁ። በቅርቡ አንድ ወንድም «ይሄ ወንጀልም ኃጢአትም ነው» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ሕጉ ትንሽ ይፈቅዳል፣ አትጨነቅ» አለኝ። እውነቱ የቱ ነው? ጽዋውን ካልጠጣሁስ በረከቱ አይቀርብኝም? እስካሁን በቅዱስ ሚካኤል ጠባቂነት አንድም አደጋ ደርሶብኝ አያውቅም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላመ እግዚአብሔር አይለይህ። መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርህ። መኪና ይዘህ በመጣህበት ቀን አንድም ብርሌ አትጠጣ። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳህ።

ቤተ ክርስቲያናችን መጠጥን በራሱ ርኩስ አትለውም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ውኃውን ወይን አድርጎታል። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ያው ሐዋርያ ለኤፌሶን ሰዎች ደግሞ «በወይን ጠጅ አትስከሩ» ብሎ ጽፏል። ይሄን ታውቃለህ፤ ሰክሬ አላውቅም ያልከኝም ለዚህ ነው። አምንሃለሁ። ግን መሪ ለመያዝ አለመስከር ብቻውን አይበቃም። አልኮል ከእግር በፊት የሚነካው ማመዛዘኛን ነው። ሰውዬው ገና ሳይንገዳገድ፣ ምላሱም ሳይተሳሰር ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል፤ ርቀት መገመት ያቅተዋል። ክፋቱ ደግሞ በዚያው ሰዓት «ደህና ነኝ» የሚለው ስሜት ይበረታበታል። ስለዚህ ከሁለት ብርሌ በኋላ ስለ ራስህ የምትሰጠውን ምስክርነት አንተም ባታምነው ይሻላል።

ወደ ሕጉ ልምጣ። «ይፈቅዳል» ያለህ ወንድም ከየት እንዳመጣው ይገባኛል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም አልኮል የሚል ልክ አስቀምጧል። ከዚያ በላይ የተገኘበት አሽከርካሪ ጥፋተኛ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ማታ አስቁሞ «ንፋ» የሚልህ ይሄንኑ ለመለካት ነው። ሰው ከሞተ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይመለከታል። ገዳዩ አልኮል ወስዶ ራሱን መቆጣጠር በማይችልበት ሁኔታ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል።

እንግዲህ ይሄን 0.8 ማኅበር ቤት ተቀምጠህ በምን ትለካዋለህ? ቢራ ቢሆን ጠርሙሱ ላይ የአልኮሉ መጠን ተጽፏል። ቤት የተጣለ ጠጅ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። አንዱ ቤት ገና ለጋ ነው፣ ሌላው ቤት ከርሞ ጠንክሯል። ጠላውም እንደዚያው ነው፤ ቅራሪ አለ፣ ፊልተር አለ። ደግሞ አሳላፊውን አስበው። ጆጉን ይዞ ይዞራል። አንተ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር ስታወራ ግማሽ የደረሰውን ብርሌህን ሞልቶት ያልፋል። እንዲህ አራት ጊዜ ተሞልቶልህ «ሁለት ጠጣሁ» ብለህ ትነሳለህ። አልዋሸህም፤ ቆጠራው ራሱ ጠፍቶብህ ነው።

ሌላም አለ፣ ይሄን ብዙ ምእመናን ልብ አይሉትም። እኛ የምንጠጣው ብዙ ጊዜ ከጾም በኋላ ነው። ቅዳሴ አስቀድሰህ፣ ሆድህ ባዶውን ውሎ ትመጣለህ። 12 ቀን ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመሃል። ምግቡ ሳይቀርብ ጠላው ይቀድማል። ባዶ ሆድ ላይ የገባ አልኮል በፍጥነት ወደ ደም ይገባል። የፋሲካ ሌሊትማ ይብሳል፤ ሌሊቱን ቆመው ያደሩ፣ እንቅልፍ ያላዩ ዓይኖች ላይ ጠጅ ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ ቡና መጠጣት፣ ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ ሎሚ መምጠጥ ነቃ ያለ ቢያስመስል እንጂ አልኮሉን ከደም አያወጣም። ጉበት በራሱ ጊዜ፣ በሰዓታት ነው የሚያጣራው። ማታ ብዙ የጠጣ ሰው ጠዋት ሥራ ሲሄድም መሪ ባይነካ ነው የሚሻለው።

አሁን ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም ወደሚለው እንግባ። ውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎች እንደምታውቁት የሕጉ ልክ እንደ አገሩ ይለያያል። ስዊድን 0.2 ነው፣ ጀርመን 0.5፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች እንደኛው 0.8። ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ መጠጡ ራሱ ክልክል ነው። ኃጢአት በዚህ ቁጥር የሚለካ ቢሆን ኖሮ ስቶክሆልም ላይ የበደለ ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ ቦሌ ሲደርስ ጻድቅ ይሆን ነበር። ቁጥሩ መንግሥት ከየት ጀምሮ እንደሚቀጣ ነው የሚነግርህ። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ትእዛዝ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል።

ባልንጀራህ ማን እንደሆነ ደግሞ ከተማችን ውስጥ ግልጽ ነው። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። አንተ ቀበቶ አስረሃል፤ ዙሪያህን ብረት ነው። ሊነጋ ሲል ነጠላዋን አጣፍታ፣ የእግረኛ መንገድ ስለሌለ በአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ኪዳን የምትሄደው እናት ምንም የላትም። ከሌሊት ግብዣ የሚመለሰው መኪና የሚያገኛት በዚያ ሰዓት ነው።

እስካሁን አደጋ አልደረሰብኝም ብለሃል። ተመስገን። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22ን ግን አንብበው። አዲስ ቤት የሠራ ሰው፣ ሰው ወድቆ የደም በደል በቤቱ ላይ እንዳይመጣ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ታዟል። እስኪወድቅ ጠብቅ አልተባለም። ማንም ሳይወድቅ ነው መከታው የሚሠራው። መከታውን ያልሠራ ሰው፣ ማንም ባይወድቅ እንኳ ትእዛዙን ጥሷል።

ስለ ቅዱስ ሚካኤል ያልከውን በጥንቃቄ ልመልስልህ፤ ምክንያቱም እምነትህን ማቀዝቀዝ አልፈልግም። የመላእክት ጥበቃ እውነት ነው። ስትነሳ መጸለይህ፣ በመኪናህ ውስጥ ሥዕሉን ማኖርህ መልካም ነው። ነገር ግን ዲያብሎስ ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰው ይሄንኑ የመላእክትን ጥበቃ ነበር። «መላእክቱን ስለ አንተ ያዝልሃል» አለው። ጌታ ምን መለሰ? «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» አለ። ጠጥቶ መሪ ይዞ መልአኩን ጠብቀኝ ማለት ያው ፈተና ነው።

በረከቱ ይቀርብኛል ብለህ መስጋትህ ደስ አሰኝቶኛል፤ ጽዋውን በፍቅር እንደምትይዘው ያሳያል። አትስጋ። ማኅበራችን፣ ዝክራችን የቆመበትን ቃል አስታውስ። ማቴዎስ ምዕራፍ 10 ላይ ጌታ «ቀዝቃዛ ጽዋ ውኃ ብቻ» በደቀ መዝሙር ስም የሚያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም ይላል። ውኃ ነው ያለው። በረከቱ በጸሎቱ፣ በቅዱሱ ስም፣ ለድሃው በሚቆረሰው እንጀራ ነው። ጸሎቱ ደርሶ ጠበል ጠዲቁን ቀምሰህ በብርሌህ ውኃ ወይም ያልፈላ ብርዝ ብታስቀዳ ከማኅበሩ አልወጣህም።

ለአጋፋሪዎችና ለባለተራዎችም አንድ ነገር አለኝ፤ ጥፋቱን በአንተ ላይ ብቻ መጫን ልክ አይመስለኝም። ስንጋብዝ «በሞቴ!» ማለት እናውቃለን። እንግዳው «ይበቃኛል፣ መኪና ይዣለሁ» ሲል «አንዲት ብቻ፣ እኔን ከወደድክ» እንለዋለን። ደግነት ይመስለናል። መንዳቱን እያወቅን በመሐላ ያስጠጣነው ሰው መንገድ ላይ ሰው ቢገጭ፣ ለሕሊናችን ምን እንመልስለታለን? በሞቴ የሚባለው ለምግቡ ይሁን። ቁልፍ የያዘ ሰው ብርሌውን ሲደፋ ዝም ተብሎ ይታለፍ።

እነዚያን ሁለት እናቶች ማድረስህን አትተው፤ ትልቅ ምጽዋት ነው። እንዲያውም ላለመጠጣት ከዚህ የተሻለ ምክንያት አታገኝም። ትልልቅ ሰዎች ነፍሳቸውን አምነው ከኋላህ ተቀምጠዋል። መጠጣት ካማረህ መኪናውን ቤት ትተህ በታክሲ ና፤ በዚያ ወር ደግሞ እናቶቹን የሚያደርስ፣ ያልጠጣ ሌላ አባል ይፈለግ። ውሳኔው ግን ከቤት ሳትወጣ ይወሰን። አንድ ብርሌ ካለፈ በኋላ የሚወስነው ጠጁ ነው።

እስካሁን ያለፈውን ለንስሐ አባትህ ንገር። አደጋ አልደረሰም ብለህ አትተወው፤ የሚሰጡህንም ቀኖና ተቀበል። በሚቀጥለው 12 ደግሞ ጸሎቱ እንዳለቀ፣ ጆጉ መዞር ሳይጀምር፣ የማኅበሩ መሪ የሆነው ሙሴው ለማኅበሩ እንዲያነሳው ጠይቅ፤ የሚነዱ አባላት በየወሩ ማን እንደማይጠጣ ተራ ያውጡ። ሙሴው ነገሩን ካቀለለው የማኅበሩን ካህን አነጋግር።