በእግሯ ግሸን ስለምትሄደው እናት

እህቴ፣ ከላሊበላ ተነስታ በእግሯ ግሸን ማርያም ስለምትሄድ እናት ልብወለድ እየጻፍሽ ነው። «መንገዱን በምን ልሙላው?» ብለሻል።

በስንቋ ጀምሪ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ከረጢቱ እየቀለለ ሲሄድ አንባቢው ቀኑን ራሱ ይቆጥራል። ንግሡ መስከረም 21 ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም፣ አደይ አበባው ግን ፈክቷል።

ሲመሽባት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብላ ደጅ ትቁም። የወሎ ሰው እግር አጥቦ ነው የሚያሳድረው። እኔ ብሆን ቤቱን የሙስሊም ቤት አደርገው ነበር፤ እኛ ዘንድ ይሄ ብርቅ አይደለም። የቤቱ እመቤት እግሯን እያጠበች ትጠይቃት፣ እሷም ስለቷን እዚያው ትንገራት። የታሪኩ ልብ ይሄ ይመስለኛል፤ አትቸኩይበት።

አምባው ላይ ስትደርስ ግን አታብዢው። ዳገቱን አስወጪያት፣ ደጀ ሰላሙን ትሳለም፣ በቃ።