ለንደን በ7 ቀን? ዝርዝርሽን ቀንሺው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። አንቺ ከ9 ዓመት ልጅሽ ጋር ከቨርጂኒያ፣ እናትሽ ደግሞ ከአዲስ አበባ፣ በሰኔ ለንደን ላይ ተገናኝታችሁ አንድ ሳምንት ልትቆዩ ነው። 23 ቦታ ዘርዝረሽ «ሌላ ምን ልጨምር?» ብለሻል። ምንም አትጨምሪ፣ ቀንሺ። እኔ እዚሁ ነዋሪ ነኝ፣ ዘመድ በመጣ ቁጥር የማዞረውም እኔ ነኝ። እንግዳ ሲማረር የማየው ቦታ አንሶት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ባቡር ሲቀያይር ውሎ ማታ እግሩ ሲያብጥ ነው።

መጀመሪያ ፓሪስን ሰርዢ። አንቺ በአሜሪካ ፓስፖርትሽ ትገቢያለሽ፣ እናትሽ ግን በእንግሊዝ ቪዛ ፈረንሳይ አይገቡም፤ ፈረንሳይ የምትጠይቀው ሼንገን የሚባለው ራሱን የቻለ ሌላ ቪዛ ነው። ስቶንሄንጅ የሚባሉት ጥንታዊ ድንጋዮችም ይቅሩ። ደርሶ መልሱ ቀኑን ይበላዋል፣ ድንጋዮቹንም ራቅ ብለሽ ነው የምታያቸው። እግረ መንገዴን፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለውም ሰው ከ2025 ጀምሮ ኢቲኤ የሚባል የጉዞ ፈቃድ ቀድሞ በኦንላይን ማውጣት አለበት፤ ለልጅሽም ለብቻው ያስፈልገዋል።

የቀረውን ዝርዝር በሰፈር ከፋፍዪው። አንድ ቀን፣ አንድ ሰፈር። (ሰዓቱን ሁሉ በኛ አቆጣጠር፣ ዓመተ ምሕረቱን ግን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ምሳሌ ልስጥሽ። ታወር ኦፍ ለንደንን የማክሰኞ ጠዋት፣ ግሪኒችን የሐሙስ ከሰዓት፣ ታወር ብሪጅን የቅዳሜ አድርገሻል። ሦስቱም አንድ ቀን ይበቃቸዋል። ታወር ገና ሲከፈት ግቡና ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ቀጥታ ወደ ዘውዶቹ ሂዱ፣ ረፋድ ላይ ሰልፉ ይንዛዛል። በንጉሡ በትረ መንግሥት ላይ ያለው አልማዝ 530 ካራት ነው፣ ልጅሽ አፉን ከፍቶ ነው የሚያየው። ቁራዎቹንም አሳዪው፤ እነሱ ከሄዱ መንግሥቱ ይወድቃል የሚል ተረት ስላለ ይቀለባሉ። ከዚያ እዚያው ወንዙ ዳር ካለው ወደብ ጀልባ ይዛችሁ ግሪኒች። ኮረብታው ላይ ወጥቶ ከተማውን ማየት ነፃ ነው፣ ኦብዘርቫቶሪው (የድሮው የከዋክብት መመልከቻ) ውስጥ ገብቶ ምሥራቅና ምዕራብ በሚለካበት ዜሮ መስመር ላይ መቆም ግን ይከፈልበታል። ዳገቱ ጉልበት ይፈትናል፣ እናትሽ ታች ካቲ ሳርክ የምትባለው መርከብ አጠገብ ሻይ እየጠጡ ቢጠብቁ ይሻላል።

እናትሽን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ጽፈሻል፣ ይሄን በደንብ አስቢበት። የምድር ውስጥ ባቡሩ ያረጀ ነው፣ ብዙ ጣቢያ ሊፍት የለውም፣ ኤስካሌተሩን ጨርሰሽ ወጣሁ ስትዪ ሌላ ደረጃ ይጠብቅሻል። ካርታው ላይ የዊልቸር ምልክት ያለባቸውን ጣቢያዎች ተጠቀሚ። በ2022 የተከፈተው ኤልዛቤት ላይን የሚባለው ባቡር ጣቢያዎቹ ሁሉ ደረጃ ሳይወጣ የሚገባባቸው ናቸው፣ ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያም ይመጣል፤ ከዚያው ከሚነሳው ከአሮጌው ፒካዲሊ ላይን ይወደዳል፣ ግን ሻንጣና እናት ይዞ ገንዘቡ አያስቆጭም። ከተማ ውስጥ ደግሞ አውቶቡስ። 15 ቁጥርን ከትራፋልጋር አካባቢ ያዙት፣ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በኩል አድርጎ ታወር ያደርሳችኋል። ቱሪስቱ በውድ ዋጋ የሚሳፈርበት ክፍት አውቶቡስ የሚያሳየውን ብዙውን ነገር ታያላችሁ፣ ሒሳቡ ግን ሁለት ፓውንድ እንኳ አይሞላም።

ክፍያው እንዲህ ነው። አውቶቡስ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። የባንክ ካርድሽን ወይም ስልክሽን ንክት ታደርጊያለሽ፣ ባቡር ላይ ስትገቢም ስትወጪም፣ አውቶቡስ ላይ ስትገቢ ብቻ። በአንድ ካርድ ሁለት ሰው አይገባም፣ ስለዚህ ለእናትሽ ኦይስተር የሚባለውን የትራንስፖርት ካርድ ግዢላቸው። በስልክ ከገባሽ በዚያው ስልክ ውጪ፤ በስልክ ገብተሽ በካርድ ከወጣሽ ሲስተሙ ሁለት ሰው ነው የሚመስለው፣ ሁለቱንም ይቀጣሻል። የቀኑ ሒሳብ ጣሪያ ስላለው ከዚያ በላይ አይቆርጥም። ልጅሽ 11 ስላልሞላው ካንቺ ጋር እስካለ በነፃ ነው፣ በሰፊው በር ይዘሽው ግቢ።

ሙዚየም ላይ ገንዘብ አታውጪ። ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ናቹራል ሂስትሪ፣ ናሽናል ጋለሪ፣ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት፣ ሁሉም መግቢያቸው ነፃ ነው። ናቹራል ሂስትሪና ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት መንገድ ነው የሚለያቸው። ዓርብ አድርጊው፤ ጠዋት ልጁ ዳይኖሰሩን ይጥገብ፣ ከሰዓት ወደ ማዶ ተሻገሩ፣ ዓርብ ዓርብ እስከ ማታ 4 ሰዓት ክፍት ነው። እዚያ ከመቅደላ የተወሰዱ የወርቅ አክሊልና ጽዋ አሉ፤ ስትገቡ መረጃ ክፍሉን የት እንዳሉ ጠይቂ፣ በራስሽ ስትፈልጊ ትደክሚያለሽ። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን 11 ታቦታት ግን እናትሽ «ልይ» ቢሉ አይታዩም፣ ለሕዝብ አይቀርቡም። ይሄን ቀድመሽ ንገሪያቸው።

አሁን አንድ ነገር ልጨምር ነው፣ አትጨምሪ ብዬ። ዊንድዘር። ዝርዝርሽ ውስጥ የለም፣ እኔ ግን ከ23ቱ ግማሹን አስጥዬ እሱን አስገባዋለሁ። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ የተቀበረው እዚያ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ነው። በ1868 ከመቅደላ ሲወስዱት ገና የ7 ዓመት ልጅ ነበር፣ ከልጅሽ ያንሳል። በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ። ውስጥ የነሐስ ጽሑፍ አለ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ያሠራችው፣ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚለው የወንጌል ቃል ተቀርጾበታል። አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በ2023 እምቢ ብሏል። እኔ ያንን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ንዴት ነው የሚሰማኝ፣ አክስቴ ደግሞ አልቅሳ ወጣች፤ የእናትሽን አላውቅም። ከዋተርሉ ቀጥታ ባቡር አለ። የዊንድዘር ቤተ መንግሥት ብዙውን ጊዜ ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ ነው፣ ቤተ ጸሎቱ ደግሞ እሑድ ለጎብኚ አይከፈትም። ስለዚህ ሰኞ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ወይም ቅዳሜ።

ዌስትሚንስተር አቤይ የሚባለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት የሚጠየቀው ዋጋ ኪስ ያራቁታል። እናትሽ መዝሙር የሚወዱ ከሆነ ግን ለሠርክ ጸሎት መግባት ነፃ ነው፣ አብዛኛውን ቀን 11 ሰዓት አካባቢ ይጀመራል። ፎቶ የለም፣ መዞር የለም፣ ቁጭ ብሎ መስማት ነው። የወታደሮቹን ቅብብሎሽ በተመለከተ፣ ባኪንግሃም በር ላይ ልጅሽ የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። በፈረስ የሚሆነው ሆርስ ጋርድስ ይሻለዋል፣ በየቀኑ 5 ሰዓት ላይ፣ እሑድ 4 ሰዓት።

የሰዓት ልዩነቱንም ተጠቀሚበት። ለእናትሽ 2 ሰዓት ብቻ ነው፣ ላንቺ 5። እሳቸው በሌሊት ተነስተው ጸሎታቸውን ጨርሰው ይጠብቁሻል፣ አንቺና ልጅሽ ደግሞ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ያቅታችኋል። የመጀመሪያውን ቀን ባዶ ተዪው፤ ከሰዓት ወንዙ ዳር ከዌስትሚንስተር ድልድይ እስከ ሥዕል ሙዚየሙ ቴት ሞደርን ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ አግዳሚ ወንበር ሞልቷል። ጀንበር የምትጠልቀው ከማታው 3 ሰዓት በኋላ ነው፣ አትቸኩሉ።

የሰኔ ጾም ላይ ነው የምትመጡት። አትጨነቂ፣ የትኛውም ሱፐርማርኬት «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለበት ሳንድዊችና ሰላጣ አለ፣ እሱን እያየሽ አንሺላቸው። ድንቹን ግን ጠይቂ፣ አንዳንድ ጥብስ ቤት በከብት ሞራ ነው የሚጠብሰው። ሽሮ ካማራቸው ካሊዶኒያን ሮድ ሂዱ፣ ከኪንግስ ክሮስ ጥቂት ነው፣ የሐበሻ ምግብ ቤት አታጡም።

ሆቴል ስትይዢ ሊፍት አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ርካሾቹ አብዛኞቹ ጠባብ ደረጃ ያላቸው አሮጌ ቤቶች ናቸው። ስልክሽን መንገድ ዳር ቆመሽ ካርታ አትዪበት፣ በብስክሌት መጥተው ላፍ አድርገው ይሄዳሉ፤ ወደ ሱቅ በር ገባ ብለሽ እዪ። ከረጅም ፎቅ አናት ላይ ያለው ስካይ ጋርደን መግቢያው ነፃ ነው ግን ቀድመሽ ካላስያዝሽ ቦታ ያልቃል።

ሰፈሩን ስትወስኚ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የትኛው አውቶቡስ እንደሚያወጣሽ እነግርሻለሁ።