ጥያቄና መልስ፦ የሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ተይዞ የት ይቀመጣል?

ጥያቄዎቹ የቀረቡት ከደሴና ከኮምቦልቻ የምህንድስና ተማሪዎችና ኮንትራክተሮች ነው።

ጥያቄ፦ መብራታችን ከግድብ ነው። የክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ድንጋይ) ምድጃው በኤሌክትሪክ ቢግል ካርቦኑ አይቀርም ወይ?

መልስ፦ ግማሹም አይቀርም። የሚበዛው የሚወጣው ከከሰሉ ሳይሆን ከድንጋዩ ነው። 100 ኪሎ ንጹህ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይተርፋል፤ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። አንድ ቶን ክሊንከር 850 ኪሎ ገደማ ይለቃል፤ 520 ያህሉ የድንጋዩ ድርሻ ነው።

ጥያቄ፦ በአሚን (ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሚይዝ ኬሚካል) መያዝ የሚባለው በተግባር እንዴት ነው? ምኑስ ያስቸግራል?

መልስ፦ ጭሱ አቧራው ይጣራል፣ ሰልፈሩ ይታጠባል፣ ወደ 40 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በማማ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ አሚን ያለበት ውሃ ከላይ ይወርድበታል። ጋዙን የያዘው ፈሳሽ ሁለተኛ ማማ ገብቶ 120 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ጋዙን ይለቅና ወደ ሥራው ይመለሳል።

ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ከ10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 10 እጅ) በታች ካልወረደ ከአሚኑ ጋር ጨው ይሠራል፤ ያ አሚን በማሞቅ አይመለስም፣ በየጊዜው መተካት ነው። በምድጃው ጫፍና ጫፍ አየር እንዳይገባ የሚዘጋው ማኅተም ከላላ ደግሞ የውጭ አየር ይገባል፤ ጋዙ ይቀጥናል፣ ማማውና ቬንትሌተሩ ሊገፉት የሚገባው ጭስ ይበዛል። ስለዚህ ማማ ከመግዛት በፊት ማኅተሙን መጠገን ይቀድማል።

ዋናው ራስ ምታት ግን ሙቀት ነው። አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስለቀቅ 3.5 ጊጋ ጁል ያህል ይፈልጋል፤ አንድ ቶን ክሊንከር ለማቃጠል ከሚያስፈልገው አይተናነስም። እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ የጀመረው የኖርዌዩ የብሬቪክ ሲሚንቶ ፋብሪካ ጋዝ መያዣ በዓመት 400,000 ቶን እንዲይዝ የታቀደው ለዚህ ነው፦ ከፋብሪካው የሚተርፈው ሙቀት የሚበቃው ለጭሱ ግማሽ ያህል ነው። የተያዘው በመርከብ ተጭኖ ከሰሜን ባሕር ወለል በታች 2,600 ሜትር ገደማ ጥልቀት ይቀበራል።

ጥያቄ፦ እኛ ባሕር የለንም። የወሎ ጥቁር ድንጋይ አያስቀምጥልንም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። በአይስላንድ ካርብፊክስ የተባለው ፕሮጀክት ጋዙን በውሃ አሟሙቶ ባዛልት (ጥቁሩ ድንጋይ) ውስጥ ሲያስገባ፣ ከድንጋዩ የሚወጣው ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞት ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ 95 በመቶው ድንጋይ ሆኗል። የደሴም ባዛልት ካልሲየም አያንሰውም። ነገር ግን ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ ብዙው ቀዳዳው ዜኦላይት በሚባል ማዕድንና በሸክላ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሚታወቀው ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ውሃ ተገፍቶበት ሲለካ ብቻ ነው።

ውሃው ደግሞ ይብሳል። ለአንድ ቶን ጋዝ 25 ቶን ያህል ውሃ ይገባል። በቀን 1,000 ቶን ክሊንከር የሚያመርት ፋብሪካ ሁሉንም ልቅበር ቢል በቀን ከ21,000 ሜትር ኩብ በላይ ይጠይቃል። የቦርከናን ወንዝ አይታችሁ ፍረዱ። ስንጥቁም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ካራቆሬን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከዚሁ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው፣ የመቅበሪያ ግፊት ከስንጥቅ መራቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ለቢራ ፋብሪካ ቢሸጥስ?

መልስ፦ ቢራ ፋብሪካ ከራሱ ጥንስስ ጋዝ መሰብሰብ ይችላል። ፍላጎቱም ከሲሚንቶው ጭስ አጠገብ ኢምንት ነው፤ ጠርሙሱ ሲከፈት ደግሞ ተመልሶ ይወጣል።

ጥያቄ፦ እስከዚያ ኮንትራክተር ምን ያድርግ?

መልስ፦ ክሊንከር ይቀንስ። ለልስን፣ ለግንብና ለመሠረት ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ይበቃል፤ ከክሊንከሩ ከፊሉ በፑሚስ፣ በቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ተተክቷል። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ የደሴ ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል። የሶሌታ ድጋፍ በኦፒሲ (በተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ልማድ ቶሎ ከተነቀለ ይሰነጠቃል። ውሃ ማጠጣቱ ከ14 ቀን አይነስ፤ ኮምቦልቻ ላይ ፀሐዩ ቶሎ ስለሚያደርቀው በጆንያ ሸፍኑት።