ለሁለት ቀን ኦክቶበርፌስት?
ወንድሜ፣ ከባለቤትህ ጋር ለቅዳሜና እሁድ ብቻ ሙኒክ ሄዶ ኦክቶበርፌስትን፣ የጀርመኖቹን ትልቅ የቢራ ፌስቲቫል፣ አይቶ መመለስ ያዋጣል ወይ ላልከው፣ ያዋጣል፤ ግን አርብ ማታ ከአዳማ ተነስተህ ቅዳሜ እጠጣለሁ ካልክ ትሸወዳለህ። እኛ ሞክረነዋል። ጠዋት ፍራንክፈርት ወርደን ሙኒክ ድረስ ከሦስት ሰዓት በላይ በባቡር ሄድን፣ ስንደርስ ቢራ የሚጠጣባቸው ድንኳኖች ጢም ብለው በሩ ተዘግቷል። መግቢያው ነጻ ነው፣ ድንኳን ውስጥ ወንበር ካልያዝክ ግን አይቀዳልህም። ባለቤቴ በአዲሱ ጫማ ቆማ ቆማ አኮረፈችኝ። እሁድ በጠዋት ሄደን ሰተት ብለን ገባን። ስለዚህ ቅዳሜ በጠዋት በሩ ላይ እንድትገኙ ሐሙስ ማታ ውጡ። ብርጭቆው አንድ ሊትር ነው፣ የኛ ጃምቦ እንዳይመስልህ፤ አንዱን ለሁለት ተካፈሉት። ትልቅ ቦርሳ አያስገቡም። የሼንገን ቪዛውን አሁኑኑ ጀምር። ደግሞ ከደመራ ጋር ይገጥማል፣ እናትህን ቀድመህ አስፈቅድ።