ጥርስ ከተነቀለ በኋላ፦ የሰሜን ሸዋ ጠያቂዎች ጥያቄና የጥርስ ሐኪም መልስ

ከደብረ ብርሃን፦ ዶክተር፣ የታች መንጋጋ ጥርሴን ካስነቀልኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሻል ብሎኝ ነበር፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን እስከ ጆሮዬ ይጠዘጥዘኛል። አፌም ይሸታል።

መልስ፦ ሻል ካለ በኋላ መባሱ ዋናው ምልክት ነው። ጥርሱ በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ደም ረግቶ አጥንቱን ይሸፍናል፤ አዲሱ ሥጋ የሚበቅለው በእሱ ላይ ነው። ያ የረጋ ደም ከተነሳ ወይም ከሟሟ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል። ደረቅ ጉድጓድ የምንለው ይህን ነው። ታች መንጋጋ ላይ ይበዛል፤ በሚያጨሱ ሰዎችና የወሊድ መከላከያ እንክብል በሚወስዱ ሴቶችም ላይ እንዲሁ። በመስታወት ሲያዩት ጥቀርሻ የመሰለ የረጋ ደም መኖር በነበረበት ቦታ ግራጫማ አጥንት ይታያል። ወደ ነቀለዎት ባለሙያ ዛሬውኑ ይመለሱ። ጉድጓዱን አጥቦ የቅርንፉድ ዘይት ያለበት መድኃኒት ያስቀምጥበታል፤ ሕመሙ ቶሎ ይበርዳል። አሞክሳሲሊን (ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) ገዝተው አይዋጡ፤ ይህ ኢንፌክሽን አይደለም።

ለሁላችሁም፦ በመጀመሪያው 24 ሰዓት አትጉመጥመጡ፣ በኃይል አትትፉ፣ በቀሰም አትምጠጡ፣ አታጭሱ።

ከመንዝ፦ እኛ ዘንድ አረቄ ይያዝበታል፣ ያደነዝዘዋል።

መልስ፦ አይያዝበትም። አረቄ ቁስሉን ያቃጥላል፣ የረጋውን ደም ያነሳል። ቅርንፉድ ፈጭቶ መጠቅጠቅም፣ አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥም ሥጋውን ይልጠዋል። ለአዋቂ ሰው ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ ይበቃል። ጉበቱን የሚያመውና አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ግን መጠኑን ሐኪም ይጠይቅ።

ከአንኮበር፦ በፀሐይ ወጥቶ ይሆናል፣ ምች ነው። ዳማ ከሴ ጨምቆ መጠቀም ነበር።

ከሸዋ ሮቢት፦ ወንድሜ፣ ምች ከንፈር ላይ ነው የሚወጣው፤ ከጥርስ ጉድጓድ ጋር ምን አገናኘው?

ከአንኮበር፦ እናቶቻችን ጥርስ ያስነቀለ ሰው ከቤት እንዳይወጣ የሚከለክሉት በከንቱ ነው?

መልስ፦ ማረፉ መልካም ነው። ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣ የቫይረስ ነው፤ ከጉድጓዱ ጋር አይገናኝም። ዳማ ከሴውን ጉድጓዱ ውስጥ አታፍስሱ። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ደሙ አልቆም አለ።

መልስ፦ ምራቅ ለአንድ ቀን ቢቀላ ያለ ነው። አፍ የሚሞላ ከሆነ ንጹሕ ጎዝ አጥፈው፣ በንጹሕ ውሃ አርጥበው ጉድጓዱ ላይ ያድርጉና 30 ደቂቃ አጥብቀው ይንከሱ። በየ5 ደቂቃው ገልጠው አይዩ፤ ደሙን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ልቅ ጥጥ አይጠቀሙ፣ ክሩ ይጣበቃል። ሁለት ጊዜ ሞክረው ካልቆመ፣ ወይም ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ከመሐል ሜዳ፦ ጾም ነው፣ ምን ልብላ?

መልስ፦ ለብ ያለ የገብስ ወይም የአጃ አጥሚት፣ በርበሬ ያልበዛበት ሽሮ በለሰለሰ እንጀራ፣ በተቃራኒው ጎን እያኘኩ። በሶ ለሳምንት ይተዉ፤ ዱቄቱ ጉድጓዱ ውስጥ ይጋገራል። ተልባና ሰሊጥም ፍሬያቸው ይገባል። ቆሎ ጨርሶ አይሆንም።

ከደብረ ሲና፦ አፌን ያመኛል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ጥርስ? መቼ ተነቀለ? እብጠት ወይም ትኩሳት አለ? ይህን ሳይጽፉ ልመልስልዎ አልችልም።

ከአለም ከተማ፦ በጨው ውሃ መቼ ልጉመጥመጥ?

መልስ፦ ከ24 ሰዓት በኋላ ብያለሁ፤ እባካችሁ ከላይ አንብቡ። በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከምግብ በኋላና ማታ። አንገትዎን ወዲህ ወዲያ ዘንበል እያደረጉ ያንቀሳቅሱት፤ ሲጨርሱ አፍዎን ከፍተው ይፍሰስ፣ እንትፍ አይበሉ።

ከአለም ከተማ፦ ጉድጓዱ ውስጥ ነጭ ነገር አለ። መግል ነው?

መልስ፦ ሕመሙ እየቀነሰ ከሆነ የሚድን ቁስል ሽፋን ነው። በስንጥር አይፋቁት። ድዱ በሦስት አራት ሳምንት ይገጥማል፤ አጥንቱ ወራት ይፈጃል።

ከደብረ ብርሃን፦ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስተከል ስንት ነው?

መልስ፦ ዋጋ አልመልስም።

ከመንዝ፦ ጉንጭ አብጧል፣ አራተኛ ቀን ነው።

መልስ፦ እብጠት እስከ ሦስተኛው ቀን ይጨምራል፣ ከዚያ መቀነስ አለበት። ከዚያ በኋላ እየጨመረ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ ወይም አፍ አልከፈት ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። አገጭ ሥር ከደነደነ፣ ምራቅ መዋጥ ከከበደ ወይም ትንፋሽ ካጠረ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልጋችሁ ሆስፒታል ድረሱ።