ፕሬዘንት ኮንቲኒዩስን ስናስተምር ተማሪው የሚሰናከልበት ቦታ

ጠያቂያችን፣ ተማሪዎችዎ የፕሬዘንት ኮንቲኒዩስን (አሁን እየተከናወነ ያለ ድርጊት የሚነገርበትን የእንግሊዝኛ የግሥ ቅርጽ) ደንብ በቃላቸው ይወጡታል፤ ሲናገሩ ግን «ሺ ኩኪንግ»፣ «አይ ኢዝ ሪዲንግ» ይላሉ፤ ምን ባደርግ ይሻላል ብለዋል። እኔ ለዓመታት ያስተማርኩት አማርኛ ተናጋሪዎችን ስለሆነ መልሴ ከእነርሱ ስህተት የተቀዳ ነው።

መጀመሪያ አማርኛውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉት፦ «እያነበብኩ ነው፣ እያነበብሽ ነው፣ እያነበቡ ነው»። የሚያነበው ማን እንደሆነ የሚነግረን «እያነበብኩ» የሚለው ክፍል ነው፤ «ነው» ንቅንቅ አይልም። እንግሊዝኛው ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ «ሪዲንግ» ለሁሉም ያው ሆኖ «አም፣ ኢዝ፣ አር» ይለዋወጣሉ። ስለዚህ «አይ ኢዝ ሪዲንግ» ያለው ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ የማይለወጠውን «ነው» ይዞ ተሻግሯል። «ሺ ኩኪንግ» የሚለውንም «ነው»ን የት ጣልከው ብሎ መጠየቅ ደንቡን እንደገና ከማስደገም ይበልጣል። በኋላ «እያነበብኩ ነበር» ላይ ሲደርሱም ይኸው መንገድ ያገለግላል።

ዋናው ፈተና ግን ሥዕል ስናስገልጽ ይመጣል። ሁላችንም የምንወደው ልምምድ ነው፤ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፣ አንድ ሰው ቆሟል፣ ሕፃኑ ተኝቷል፣ ሽማግሌው ኮት ለብሷል። ልብ ይበሉ፣ አንዱንም በ«እየ» አልተናገርኩም። «እየተቀመጠች ነው» ብል ገና ወንበሩ ላይ አላረፈችም፤ «ኮት እየለበሰ ነው» ብል አንድ እጁ ገና አልገባም። እንግሊዝኛው ግን «ሺ ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ኮት» ይላል። «እየ» ባለበት ሁሉ ኮንቲኒዩስ አለ ብለን ያስተማርነው ተማሪ እዚህ ግራ ቢጋባ አያስገርምም። እኔ ሲት፣ ስታንድ፣ ስሊፕ፣ ዌር የሚሉትን ሥዕሉ ከመውጣቱ በፊት ለብቻቸው አስተምራለሁ። «ዌሪንግ»ን (ለብሷል) «ፑቲንግ ኦን» (እየለበሰ ነው) ከሚለው ጎን አስቀምጬ ኮት እየለበስኩ አሳያለሁ፤ ይስቃሉ፣ ግን አይረሱትም።

መምህሩ ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደ «አይ አም ዎኪንግ» የሚልበት ዘዴ ፈጽሞ አይጥመኝም። ለሚያየኝ ሰው እየሄድኩ ነው ብዬ የምነግረው ለምንድን ነው? ይልቅ ሁለት ተማሪዎች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ስልክ የሚደዋወሉ ይምሰሉ። የማይተያዩ ስለሆኑ «ዋት አር ዩ ዱዊንግ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ይሆናል። ቀጥሎ «ዋት ዱ ዩ ዱ?» ይጨምሩበት፤ አንዱ የአሁኑን ድርጊት፣ ሌላው መተዳደሪያ ሥራን እንደሚጠይቅ ከመልሶቹ ራሳቸው ይለያሉ።

በተለምዶ በኮንቲኒዩስ የማይነገሩት ኖው (ማወቅ)፣ ዎንት (መፈለግ) እና ቢሊቭ (ማመን) ብዙም አያስቸግሩም፤ በአማርኛም «አውቃለሁ» እንጂ «እያወቅኩ ነው» አንልም። የ«ሜኪንግ» እና የ«ራኒንግ» አጻጻፍ በአጭር የቃል ጽሕፈት ይስተካከላል። «አይ አም ሚቲንግ ሂም ቱሞሮው» የሚለውን የወደፊት ቀጠሮ ግን የአሁኑ ጊዜ እስኪረጋ ድረስ ባይነኩት እመርጣለሁ።